ፌስታሉ ስንት ይመዝናል?

ጀርመን የገባ አበሻ ከቋንቋው ጎን ለጎን የሚማረው የቆሻሻ አጣጣል ነው። ወረቀቱ ለብቻ፣ ጠርሙሱ በየቀለሙ፣ ማሸጊያው ወደ ቢጫው፣ የምግብ ትርፍራፊው ወደ ሌላው። አንዲት የእርጎ ኩባያ ቦታዋን ከሳተች ጎረቤት ይገላምጣል። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የተማረ ሰው የምግብ ኃጢአት በሙሉ ማሸጊያው ላይ ያለ ቢመስለው አይፈረድበትም። ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ተረት፦ አየሩን የሚያሞቀው ማሸጊያው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ጆሴፍ ፑርና ቶማስ ኔሜቼክ በ«ሳይንስ» መጽሔት ላይ ባወጡት ሰፊ ጥናት መሠረት፣ ከዓለም የምግብ ሥርዓት ከሚወጣው ሙቀት አማቂ ጋዝ የማሸጊያው ድርሻ 5 በመቶ ገደማ ነው። አብዛኛው የሚወጣው ከማሳው፣ ከከብቱና ለእርሻ ከሚመነጠረው ደን ነው።

ለእኛ የሚቀርበውን ምሳሌ እንውሰድ። ፍራንክፈርት አበሻ ሱቅ የተደረደረው እንጀራ አዲስ አበባ ተጋግሮ በአውሮፕላን የመጣ ከሆነ 5,300 ኪሎ ሜትር ያህል በርሯል። በአየር የሚጓዝ አንድ ቶን ጭነት በየኪሎ ሜትሩ 1 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። ስለዚህ አንድ ኪሎ እንጀራ በመንገዱ ብቻ 5 ኪሎ ግራም ያህል ጋዝ አስከትሎ ነው መደርደሪያው ላይ የወጣው። የታሸገበት ፌስታል 10 ግራም ቢመዝን፣ ከፋብሪካ ጀምሮ እስኪቃጠል ድረስ የሚያወጣው ከ50 እስከ 60 ግራም ቢሆን ነው። መቶ እጥፍ ገደማ ልዩነት! በመርከብ የመጣ ጤፍ እዚያው ፍራንክፈርት ቢጋገር የመንገዱ ሒሳብ ከኪሎ ወደ ግራም ይወርዳል። እኛ ግን እንጀራውን እየጎረስን ስለ ፌስታሉ እንጨነቃለን።

ተረት፦ ራቁቷን የምትሸጥ ኪያር ንጹሕ ናት።

በላስቲክ የተጠቀለለች ኪያር የብዙ ሸማች ብስጭት ናት፤ ተፈጥሮ ልጣጭ ሰጥቷት ሳለ ሌላ ልብስ ምን ያደርግላታል? የስዊዘርላንዱ የምርምር ተቋም ኤምፓ ከስፔን የሚመጡትን ኪያሮች ተከታትሎ አሰላው። ከኪያሯ ጠቅላላ የአካባቢ ጫና ውስጥ የላስቲኩ ድርሻ 1 በመቶ ያህል ሆኖ ተገኘ፤ አንዲት ኪያር ተበላሽታ ስትጣል የምታደርሰው ጉዳትም ከ93 መጠቅለያ ጋር ተስተካከለ። ላስቲኩ ውኃዋን ስለሚይዝላት ቶሎ አትጠወልግም። ይህ ስሌት ግን ረጅም መንገድ ለምትመጣዋ ነው። በበጋ ከሰፈሩ ገበሬ ገዝቶ በማግስቱ ሰላጣ ለሚያደርጋት ሰው ላስቲኩ ምንም አይጨምርለትም።

ተረት፦ የጨርቅ ቦርሳ ከያዝኩ ዕዳዬን ከፍያለሁ።

የዴንማርክ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ስሌት፣ የጥጥ ቦርሳ በአየር ንብረት ረገድ ከተራው ፌስታል ጋር ለመስተካከል ቢያንስ 52 ጊዜ ማገልገል አለበት፤ በኦርጋኒክ ጥጥ የተሠራው ደግሞ 149 ጊዜ። ከዚያው ጥናት ተመዞ በየቦታው የሚነገር 7,100 የሚል ቁጥር አለ። እሱ ኦዞንን ጨምሮ ሌሎች ጉዳቶችን ሁሉ የሚቆጥር ነው፤ ለሙቀት ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርበው ሰው አንዱን ተረት በሌላ ተረት እየተካ ነው። ሃምሳ ሁለት ጊዜ በሳምንት አንዴ ገበያ ለሚወጣ ሰው አንድ ዓመት ነው። ችግሩ በየስብሰባውና በየባዛሩ በነጻ ታድሎ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚከመረው ቦርሳ ነው።

ተረት፦ ፕላስቲክ ጀርመን መሬት ውስጥ ለዘመናት ተቀብሮ ይኖራል።

እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2005 ጀምሮ ያልታከመ የቤት ቆሻሻ መቅበር በአገሪቱ ክልክል ነው። ተለይቶ ዳግም ያልተሠራው ፕላስቲክ ይቃጠላል። አንድ ኪሎው ሲነድ 3 ኪሎ የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ሙቀቱ ለመብራት ወይም ለሲሚንቶ ፋብሪካ ይውላል። «ይበሰብሳል» የሚል ምልክት ያለውም ፌስታል ብዙ ጊዜ ዕጣው ያው ነው፤ የብስባሽ ማምረቻዎቹ ከተራው ለይተው ስለማያውቁት ለቅመው ያወጡታል።

ተረት፦ ጠርሙስ ከፕላስቲክ ይሻላል።

ይህ እንኳ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ብርጭቆ 1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በደረሰ እቶን ውስጥ ይቀልጣል፤ እቶኑ የሚነደው በአብዛኛው በተፈጥሮ ጋዝ ነው። የግማሽ ሊትር የቢራ ጠርሙስ ባዶውን 380 ግራም ያህል ሲመዝን፣ ያንኑ ያህል ውኃ የሚይዝ ሃይላንድ ወደ 20 ግራም ነው። አንዴ ተጠጥቶ የሚጣል ጠርሙስ ከቀላሉ ፕላስቲክ የከፋ ነው። የወይን ጠጅ ጠርሙስና የቲማቲም ሱጎ ብልቃጥ ተሰብስበው መልሰው ቢቀልጡም፣ እዚያው እቶን ውስጥ ነው የሚገቡት፤ 10 በመቶ ስብርባሪ የሚቆጥበው ነዳጅ 3 በመቶ ያህል ብቻ ነው።

ያው ጠርሙስ ታጥቦ ሲሞላ ግን ታሪኩ ይገለበጣል። የቢራ ጠርሙስ እስከ 50 ጊዜ ሊመላለስ ስለሚችል ያ ሁሉ እሳት ለሃምሳ ይካፈላል፤ ፋብሪካው ቅርብ ከሆነ በጣም ጥሩ ከሚባሉት ማሸጊያዎች አንዱ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው በ«ፋንድ» የሚሳሳተው። ለጠርሙስ ማስያዣ የተከፈለ ገንዘብ ስለሚመለስ ዕቃውም ተመልሶ የሚሞላ ይመስላል። የቢራው ጠርሙስ 8 ሳንቲም ይዞ ይመለሳል፣ ይሞላል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2003 ጀምሮ ማስያዣ የተጣለበት፣ ዛሬ 25 ሳንቲም የሚያስከፍለው ፕላስቲክና ቆርቆሮ ግን ማሽኑ እንደዋጠው ይጨፈለቃል፤ ያን የመሰባበር ድምፅ ገንዘባችንን እየጠበቅን እንሰማዋለን። ትልቁ ክፍያ ያለው አንዴ ብቻ በሚያገለግለው ላይ ነው።

ባዶ ሳጥን ካልያዝክ ለስላሳ አንሸጥልህም ሲባል ላደገ ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። የጀርመን ሕግ ከመጠጡ 70 በመቶው ተመልሶ በሚሞላ ዕቃ እንዲሸጥ ግብ አስቀምጧል፤ እስካሁን ግን ድርሻው የመጠጡን ግማሽ እንኳ አልሞላ።