የምድር ባቡርና የእንደራሴው ሥልጣን፦ ከሺሺንዳ ሲታይ

ሺሺንዳ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ የምትገኝ የካፋ ዞን ከተማ ናት። ሐዲድ አልደረሰባትም። ስለ ባቡር ፖሊሲና ስለ ሕግ አውጪው ሥራ ለሚመረምር ሰው አመቺ መነሻ የምትሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ባቡር በደረሰበት አካባቢ ክርክሩ ስለ ታሪፍ፣ ስለ ጣቢያና ስለ ሰዓት አከባበር ይሆናል። ባልደረሰበት ግን ጥያቄው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ማን ወሰነ? ውሳኔው በየትኛው ጉባኤ ተላለፈ? ይህን ሕዝብ ወክሎ አዲስ አበባ የተቀመጠው እንደራሴስ ምን ማድረግ ይችል ነበር? ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ነው። በአገራችን የባቡር ልማት ዋና ዋና ውሳኔዎች ወደ ሕግ አውጪው የደረሱት ዘግይተውና በጠባብ በር ነው። ስለዚህ አንድ እንደራሴ ሊመዘን የሚገባው መስመር አስመጣ ወይም አላስመጣም በሚል ሳይሆን በዚያ ጠባብ በር ምን ይዞ ገባ በሚል ነው፤ የጽሑፉ መከራከሪያ ይህ ነው።

በመጀመሪያ ሥልጣኑ የማን እንደሆነ እንመልከት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51(9) ባቡርንና መንገድን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢጠቅስም እኩል አያያቸውም። የባቡር ጉዳይ ያለ ቅድመ ሁኔታ የፌዴራሉ መንግሥት ነው። መንገድ ግን የፌዴራል የሚሆነው ሁለት ወይም ከሁለት በላይ ክልሎችን የሚያገናኝ አውራ መንገድ ሲሆን ነው። ለሺሺንዳ ነዋሪ ይህ ልዩነት ተጨባጭ ትርጉም አለው። ከኦሮሚያዋ ጅማ ተነስቶ በቦንጋ በኩል ሚዛን የሚደርሰው፣ በአፍሪካ ልማት ባንክ ቡድን ድጋፍ ደረጃው ያደገው መንገድ የፌዴራል ጉዳይ ነው። ቡና ከየቀበሌው ወደ አውራው መንገድ የሚወጣባቸው መጋቢ መንገዶች ግን በዋናነት የክልሉና የወረዳው ናቸው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሥርቶ ቦንጋ መቀመጫው ከሆነች ወዲህ ስለ መጋቢ መንገድ አቤት የሚል ሰው እንደ ቀድሞው ሐዋሳ ድረስ መጓዝ አያስፈልገውም። ስለ ሐዲድ አቤት የሚል ግን ዛሬም ከአዲስ አበባ በቀር የሚሄድበት የለም። አንቀጽ 55(2)(ሐ) ስለ ባቡር ዝርዝር ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ብቻ ሰጥቷልና።

እንደራሴው ራሱ የቆመበት ስፍራም ቀላል አይደለም። የሚመረጠው በአንድ የምርጫ ክልል ሕዝብ ነው፤ አንቀጽ 54(4) ግን የመላው ሕዝብ ተወካይ ያደርገውና ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡ ፍላጎትና ለኅሊናው ተገዢ ይሁን ይላል። በባቡር ጉዳይ ይህ ድርብ ውክልና ከሌሎች መስኮች ይልቅ ጎልቶ ይታያል። መስመር አንድ ብቻ ስለሆነ በአንዱ ምርጫ ክልል ሲያልፍ በሌላው አያልፍም፤ ወጪውን ግን ሁሉም ይሸከማል።

ሐዲዱ ቀደመ፣ ሕጉ ተከተለ

በዘመናችን የባቡርን ግንባታ የመራው የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኮርፖሬሽን የተቋቋመው በምክር ቤቱ አዋጅ አልነበረም። ያቋቋመው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 141/2000 ነው። ሕጋዊ ጉድለት ግን አልነበረበትም፤ ከሕገ መንግሥቱ በፊት የወጣው የመንግሥት የልማት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 25/1984 የልማት ድርጅት በደንብ እንዲቋቋም ይፈቅድ ነበር። ውጤቱ ግን ሊጤን ይገባዋል። የመስመሮቹ ምርጫ፣ የተቋራጮቹ ውልና የብድሩ ድርድር በድርጅቱና በአስፈጻሚው እጅ ሆኑ። የልማት ድርጅት በመንግሥት ዋስትና የሚበደረው ገንዘብም እንደ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ወጪ በዓመታዊው የበጀት አዋጅ ዓምዶች ውስጥ ተዘርዝሮ አይቀርብም።

የጊዜ ቅደም ተከተሉ ይህንኑ ያሳያል። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። የምድር ባቡር ትራንስፖርት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1048 የወጣው ከሁለቱም በኋላ፣ ኮርፖሬሽኑ ከተቋቋመ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ምክር ቤቱ ስለ ባቡር አስተዳደር ሕግ ሲያወጣ ባቡሩ እየተጓዘ ነበር ማለት ነው። (ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፈቀዱት የመጀመሪያው ባቡር አዲስ አበባ ለመድረስ ሃያ ሦስት ዓመት ፈጅቶበታል፤ ሕግ ለማውጣት ሰፊ ጊዜ ነበር፣ ያን ጊዜ ግን ፓርላማ አልነበረም።)

በሌሎች አገሮች በሩ የተከፈተው በሌላ ቦታ ነው። በብሪታንያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እያንዳንዱ የባቡር መስመር የራሱ የፓርላማ ሕግ ያስፈልገው ነበር። የሊቨርፑል–ማንችስተር መስመር ረቂቅ በ1825 እ.ኤ.አ. ወድቆ በዓመቱ የጸደቀው፣ መሬታቸው የሚነካባቸው ሰዎች በኮሚቴ ፊት ቀርበው ከተከራከሩ በኋላ ነው። ሕንድ ደግሞ ከ1924 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የባቡርን በጀት ከጠቅላላው በጀት ለይታ ለሕግ አውጪው ስታቀርብ ኖራ በ2017 መልሳ አዋህዳዋለች። የሕንዱ ልማድ የራሱ ጣጣ ነበረው፤ ሚኒስትሮች ለየወንበሩ ጣቢያና አዲስ ባቡር እያደሉ ድርጅቱን አዳክመዋል የሚለው ወቀሳ በልዩ በጀቱ መቅረት ውስጥ ድርሻ ነበረው። በሩ ሰፊ መሆኑ ብቻውን መልካም ፖሊሲ አያመጣም።

አንድ መቀመጫ ምን ያህል ይሠራል?

በካፋ በኩል የምትመዘገብ አንዲት የታሪክ አጋጣሚ አለች። በግንቦት 2002ቱ ምርጫ ከ547 መቀመጫዎች 499ኙን ኢሕአዴግ፣ 46ቱን አጋር ድርጅቶች ያዙ። ከቀሩት ሁለት መቀመጫዎች አንዱን በአዲስ አበባ የመድረኩ አቶ ግርማ ሰይፉ፣ ሌላውን ከካፋ ዞን በግል የተወዳደሩት ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ አሸነፉ። የአምስት ዓመቱን የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በ2003 ዓ.ም. ያጸደቀው ይኸው ምክር ቤት ነበር። ዕቅዱ 2,395 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ የመዘርጋት ግብ ይዟል። ከኮርፖሬሽኑ መስመሮች አንዱ ከአዲስ አበባ በኢጃጂና በጅማ በኩል ወደ ጉራፈርዳና ዲማ የሚዘልቀው ነው። ካርታ ለሚመለከት ሰው፣ ከጅማ ወደ ጉራፈርዳ የሚሄድ ሐዲድ ካፋን ሳይነካ ማለፉ አስቸጋሪ ነው። መስመሩ አልተሠራም።

ዶክተር አሸብርን የማነሳቸው መቀመጫው ምን ያህል እንደሚያሠራ ለመለካት እንጂ ሰውየውን ለመመዘን አይደለም። በአንቀጽ 55(18) ምክር ቤቱ በአስፈጻሚው ሥልጣን ሥር ባለ ማንኛውም ጉዳይ እንዲወያይ ለማስገደድ የአባላቱ አንድ ሦስተኛ ጥያቄ ያስፈልጋል፤ ይህም 183 ፊርማ ነው። ሁለቱ ከገዢው ጎራ ውጭ የሆኑ እንደራሴዎች ቢስማሙ እንኳ 181 ይጎድላቸው ነበር። ገንዘብ ነክ ሕግ የማመንጨት ሥልጣንም የመንግሥት ብቻ ስለሆነ፣ «የጅማ–ጉራፈርዳ መስመር ይሠራ፣ ይህን ያህል ገንዘብም ይመደብ» የሚል ረቂቅ ከአንድ አባል ሊመነጭ አይችልም። የሚቀሩት አስፈጻሚውን መጠየቅ (55(17))፣ ዓለም አቀፍ ስምምነት ሲጸድቅ መከራከር (55(12))፣ በጀት ሲጸድቅ ማንሳት (55(11)) እና በትራንስፖርት ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ሪፖርት መመርመር ናቸው። እነዚህ ሁሉ የመጠየቅ መሣሪያዎች ናቸው። የመጠየቅ ዋጋ ደግሞ በጥያቄው ይዘት ይወሰናል።

«ባቡሩ መቼ ይደርሰናል?» የሚለው የተለመደ ጥያቄ የተለመደ መልስ ያስከትላል፤ ጥናቱ ተጠናቋል፣ ፋይናንስ እየተፈለገ ነው። የበለጠ የሚያስጨንቀው ጥያቄ የጭነት ጥያቄ ነው። ካፋ ስትነሳ ሁሉም ቡናን ያስባል፤ ቡና ግን ዋጋው ከባድ፣ ክብደቱ ቀላል የሆነ ጭነት ነው። አገሪቱ በዓመት ለውጭ ገበያ የምትልከው ቡና በሙሉ ከግማሽ ሚሊዮን ቶን በታች ነው። 2,000 ቶን የሚጎትት አንድ የጭነት ባቡር ብናስብ፣ የኢትዮጵያ የወጪ ንግድ ቡና በጠቅላላ ከ250 በማይበልጡ ጉዞዎች ይነሳል። በቀን አንድ ባቡር እንኳ አይሞላም፤ የካፋ ድርሻ ደግሞ ከዚያ ላይ ቁራሽ ነው። ስለዚህ ለደቡብ ምዕራብ ሐዲድ በቡና ስም የሚከራከር እንደራሴ በመጀመሪያው የአዋጭነት ስሌት ይረታል። የሚያዋጣው ክርክር ወደ ውስጥ የሚገባውን ማዳበሪያ፣ ነዳጅና ሲሚንቶ፣ ከዲማ ባሻገር ደግሞ የደቡብ ሱዳንን ገበያ የሚቆጥር ነው። በቋሚ ኮሚቴ ፊት «ጥናቱ የመልስ ጉዞውን ጭነት ስንት ቶን ብሎ ገመተ?» ብሎ መጠየቅ 183 ፊርማ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው እንቅፋት የቀን መቁጠሪያው ነው፤ በጥናቶች ውስጥ ብዙም ሲነሳ አላይም። የምክር ቤቱ ዓመታዊ ስብሰባ በመስከረም መጨረሻ ሳምንት ሰኞ ተጀምሮ እስከ ሰኔ 30 ይቆያል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር በጀቱ የሚጸድቀው ስብሰባው ከመዘጋቱ በፊት ነው። እንደራሴው ረዘም ላለ ጊዜ ወደ መረጠው ሕዝብ የሚመለሰው በክረምቱ፣ በጀቱ ካለቀለት በኋላ ነው። ሺሺንዳ አካባቢ መጋቢ መንገዶች ጭቃ የሚውጣቸው፣ መኪና የሚቆምበት ወቅት ያ ነው። በዓይኑ ያየውን ይዞ ሲመለስ የሚቀጥለው በጀት እስኪቀርብ ወራት ይቀሩታል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ቡና ተለቅሞ መንገዱ ሲደርቅ፣ የክረምቱ ማስረጃ የቀዘቀዘ ይመስላል። የክረምት ምልከታውን በቀንና በቦታ ጽፎ ለቋሚ ኮሚቴው በጥቅምት የሚያስገባ አባል ከሚዘነጋው ይሻላል፤ ከባድ ዘዴ አይደለም።

ሐዲዱ ሳይመጣ የመጣ ሕግ

ስለ ባቡር በማይናገር አንድ አዋጅ ውስጥ ግን የእንደራሴዎች ድምፅ የካፋን ገበሬ በቀጥታ ነክቷል። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ስለሚከፈል ካሣ የወጣው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ለዘለቄታው የሚፈናቀል ባለይዞታ የመፈናቀያ ካሣ የሚሰላው ባለፉት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስሌቱን ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ በአሥራ አምስት ተባዝቶ አደረገው። ለጤፍ ወይም ለበቆሎ አምራች ለውጡ በዋናነት ከአሥር ወደ አሥራ አምስት ነው። ለቡና አምራች ግን «አማካይ» በ«ከፍተኛ» መተካቱ የማባዣውን ያህል ይመዝናል፤ ቡና አንድ ዓመት በብዛት ይዞ በማግሥቱ ያርፋል፣ ዋጋውም ይወጣል ይወርዳል። ለምሳሌ ያህል የአንድ ገበሬ የአምስት ዓመት ገቢ በቅደም ተከተል 40፣ 60፣ 30፣ 80 እና 50 ሺህ ብር ነው እንበል። በቀድሞው ሕግ አማካዩ 52 ሺህ፣ ካሣው 520 ሺህ ብር ይሆናል። በአሁኑ ከፍተኛው 80 ሺህ፣ ካሣው 1.2 ሚሊዮን ብር ነው። ማባዣው ብቻ ተለውጦ አማካዩ በነበረበት ቢቀር 780 ሺህ ብር ላይ በቆመ ነበር። የጅማ–ጉራፈርዳ መስመር አንድ ቀን ቢጀመር ለሺሺንዳ ገበሬ ከጣቢያው ስፍራ ይልቅ ይህች አንዲት ቃል ትበልጥበታለች።

ይህ ስሌት ግን የሚሠራው የግል ይዞታ ላለው ነው። የካፋ ቡና ከፊሉ የጓሮ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት በመዘገበው የካፋ ደን ውስጥ፣ በአሳታፊ የደን አስተዳደር ማኅበራት ሥር፣ በጋራ የሚለቀም የደን ቡና አለ። ሐዲድ በዚያ የሚያልፍ ቢሆን አስቀድሞ በአዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ማለፍ ይኖርበታል። ካሣውን በተመለከተ አዋጅ 1161 የጋራ ይዞታ በአጠቃቀሙ፣ ወይም ተፈናቃዮቹ በሚያጡት ጥቅምና መተዳደሪያ ላይ ተመሥርቶ እንዲሰላ ይላል፤ ዝርዝር ዘዴውን ግን ለመመሪያ ትቶታል። መመሪያ በምክር ቤት አይጸድቅም፤ እንደራሴው ሊከታተለው የሚችለው እንደገና በጥያቄ ነው። ባለ አንድ ሔክታር የጓሮ ቡና ገበሬና ከጋራ ደን የሚለቅም ጎረቤቱ በአንድ ሐዲድ ሥር ምን ያህል የተለያየ ካሣ እንደሚደርሳቸው የሚወሰነው በዚያ መመሪያ ነው።