ፒያኖና ከበሮ ሲሟገቱ

አንባቢ ሆይ፥ በቀድሞ ዘመን ባላጋራዎች በዳኛ ፊት ቆመው «በልሃ ልበልሃ» ሲባባሉ የነበረውን ሙግት ከአባቶችህ ሰምተህ ይሆናል። ተሟጋቹ ባላጋራው ምን ብሎ እንደሚመጣ አስቀድሞ አያውቅም፤ መልስ የሚያገኘውም በደንብ ያዳመጠ እንደ ሆነ ነው። ሚሻ ሜንግልበርግና ሃን ቤኒንክ የተባሉት የሆላንድ የጃዝ ሙዚቀኞችም ግማሽ ምዕት ዓመት ለሚያህል ጊዜ በፒያኖና በከበሮ የተሟገቱት እንደዚሁ ነበር።

ሜንግልበርግ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1935 ዓ. ም. በኪየቭ ከተማ ከሙዚቀኛ ቤተ ሰብ ተወለደ፤ በሄግ ከተማም ሙዚቃ ተማረ። (ከዚህ በታች ያለውም ዘመን በዚሁ አቈጣጠር ነው።) ቤኒንክ በ1942 ተወለደ። አባቱ በኦርኬስትራ ከበሮ መቺ ነበሩ፤ የልጁ የመጀመሪያ ከበሮ ግን የወጥ ቤት ወንበር ነበር። በትምህርት ቤት የተማረውም ሥዕል ነው።

ሰኔ 2 ቀን 1964 ስመ ጥሩው አሜሪካዊ ኤሪክ ዶልፊ በሂልቨርሱም ከተማ ሲጫወት ካጀቡት መካከል እነዚህ ሁለት ወጣቶች ነበሩ። ጨዋታውም በሸክላ ተቀርጾ ቀረ። ዶልፊ ከ27 ቀን በኋላ በ36 ዓመቱ በበርሊን ዐረፈ። ወጣቶቹ ከዚያ ወዲህ ከባሕር ማዶ የመጣውን እንግዳ ሁሉ እያጀቡ መኖር በቻሉ ነበር። ነገር ግን የራሳቸውን ቋንቋ ፈለጉ። በ1967 ከሳክስፎን ተጫዋቹ ከቪለም ብሮይከር ጋር «የቅጽበት ደራሲዎች» የሚል ትርጉም ያለውን ማኅበር መሠረቱ፤ ሸክላቸውንም ራሳቸው ያወጡ ጀመር።

ስሙ እንደሚያመለክተው፥ አዝማሪ በሠርግ ቤት እንግዳውን አይቶ ወዲያው እንደሚገጥም፥ እነርሱም ሁለቱ ብቻ ሲቀመጡ የሚጫወቱትን እዚያው ይፈጥሩት ነበር። ባለከበሮው ጯኺ ነው፤ ወለሉንም ወንበሩንም ይደበድባል፥ ድምፁን ለመለወጥም ተረከዙን ከበሮው ላይ ያሳርፋል። ባለፒያኖው ግን ዝም ይላል፤ ቈይቶ ሁለት ሦስት ድምፅ ጠብ ያደርጋል። ጩኸቱን በጩኸት አይመልስም። በ1974 የቀረጹትን ሸክላ «አንድ ዙር የፒንግ ፖንግ ጨዋታ» ብለው መሰየማቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኳሷ ከወዲያ ካልተመለሰች ጨዋታ የለምና።

ይህ ሙዚቃ ለእኛም ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ሽለላንና ቀረርቶን በሳክስፎን ያሰሙን አቶ ጌታቸው መኩሪያ በ2004 ወደ ሆላንድ ተጋብዘው ከዚሁ ማኅበር ኦርኬስትራ ጋር ተጫውተዋል።

ሜንግልበርግ መጋቢት 3 ቀን 2017 በ81 ዓመቱ ዐረፈ። ሸክላቸውን ያገኘህ እንደ ሆነ በመጀመሪያ ዕቃ የሚሰበር ይመስልህ ይሆናል፤ ሁለተኛ ጊዜ አዳምጠው። ከዚያም በመሥሪያ ቤት ፊት ለፊትህ የተቀመጠውን፥ ጠባዩ ከጠባይህ የማይገጥመውን ባልደረባህን አስብ። እነዚህ ሰዎች ያን ያህል ዘመን አብረው የዘለቁት ስለ ተመሳሰሉ አይደለም፤ አንዱ ሌላውን መስማት ስላልተወ ነው።