ዕዳ ቀን ይጠብቃል፤ ነፍስ ግን አትጠብቅም

በኦሪት ሕግ የድኻውን ልብስ በመያዣ የተቀበለ አበዳሪ ፀሐይ ሳትጠልቅ ልብሱን ይመልስለት ዘንድ ታዝዟል። የትእዛዙም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ያ ልብስ ለድኻው ቀን የሚለብሰው ብቻ ሳይሆን ሌሊት ከብርድ የሚሸሸግበት ነውና። ሕጉ ዕዳውን አልሰረዘም፤ አበዳሪውንም ገንዘብህን አትጠይቅ አላለውም። የከለከለው፥ ሰው ነፍሱን የሚያቈይበትን ነገር ለዕዳ ማስገደጃ ማድረግን ነው። በሀገራችንም በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፥ የተፈረደበትን ያልከፈለ ባለዕዳ ንብረቱ ተይዞ እንዲሸጥ ሲፈቅድ፥ ለእርሱና ለቤተ ሰቡ የሚያስፈልገው ልብስ፥ የማብሰያ ዕቃ፥ አልጋና የአልጋ ልብስ ግን እንዳይያዝ ደንግጓል። በፍርድ ቤት መዝገብ የሚጽፍ ሰው ሁለቱን ሕጎች ጐን ለጐን ሲያነብ፥ የቀድሞውና የዘመኑ በአንድ ልብ እንደ ተናገሩ ያስተውላል።

በዛሬው ዘመን ግን ሰውን ከብርድና ከሐሩር የሚያድነው ልብስና አልጋ ብቻ አይደለም። በባሕር ማዶ ከተሞች ቤት በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ ይሞቃል፤ በሐሩርም ጊዜ በኤሌክትሪክ ይቀዘቅዛል። የሕፃኑ ወተት፥ የበሽተኛው መድኃኒት፥ የሽማግሌው መተንፈሻ መሣሪያ ሁሉ በዚያው መስመር ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። እንግዲህ ሂሳቡ ባልተከፈለ ቤት ላይ በክረምት ወይም በጽኑ ሐሩር መስመሩ ቢቈረጥ፥ ማታ ልብሱን ከተገፈፈው ድኻ በምን ይለያል? ከዘመዶቻችንም ብዙዎች በነዚያ አገሮች ስለሚኖሩ፥ ነገሩ ለኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ስለዚህ የአየር ጠባይ ሲከፋ መስመር መቍረጥ ለምንና እንዴት እንደ ተከለከለ፥ የቤት ባለቤትም ከዚህ ጥበቃ እንዴት እንደሚጠቀም በዛሬው ጽሑፋችን እንገልጻለን። ከዚህ በኋላ የሚነገሩት ዓመታትና ወራት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ፥ ሐሩር በጸናበት በአሪዞና ክፍለ ሀገር፥ በ2018 በሴፕቴምበር ወር የሆነውን እናስቀድም። አንዲት ዕድሜያቸው የገፋ ሴት የ176 ዶላር ያህል የመብራት ሂሳብ ነበረባቸው። ከዚህም 125ቱን ከፍለው 51 ዶላር ቀረባቸው። ስለዚህች ቀሪ ገንዘብ ኩባንያው መስመሩን ቈረጠ፤ በዚያም ቀን የውጭው ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ አሮጊቷ በቤታቸው ሞተው ተገኙ። ነገሩ በተገለጠ ጊዜ ሕዝቡ እጅግ አዘነ፤ ተቈጣም። በ2019 በጁን ወር የክፍለ ሀገሩ ተቈጣጣሪ ጉባኤ፥ ከጁን 1 እስከ ኦክቶበር 15 ድረስ ስለ ዕዳ ሲባል የቤት መብራት እንዳይቈረጥ በአስቸኳይ ደንብ ከለከለ። ደንቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን የመጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

ብርድም እንደ ሐሩር ነው። በሚሺጋን ክፍለ ሀገር በ2009 በጃኑዋሪ ወር፥ ከ90 ዓመት በላይ የሆናቸው አንድ ሽማግሌ ከ1000 ዶላር የሚበልጥ የመብራት ዕዳ ነበረባቸው። መብራቱን የሚያቀርበው ክፍል መስመሩን ጨርሶ ባይቈርጥም፥ በቈጣሪው ላይ የኃይል መጠን የሚወስን መሣሪያ ተከለ። እንዲህ ያለው መሣሪያ ከተፈቀደው በላይ ኃይል በተሳበ ጊዜ መስመሩን ይዘጋል፤ መብራቱ እንዲመለስም ሰው ወደ ቈጣሪው ሄዶ መልሶ ሊያበራው ያስፈልጋል። ሽማግሌው በቤታቸው ውስጥ በብርድ ሞተው ተገኙ። ልብ እንበል፤ እኒህ ሁለቱ አረጋውያን በመንገድ የወደቁ ቤት የለሾች አልነበሩም። ጣራ ከላያቸው፥ ደጅ ከፊታቸው፥ ጎረቤትም በአጠገባቸው ነበረ።

ሐኪሞች እንደሚያስረዱት የሰው ገላ ሙቀት 37 ዲግሪ ያህል ነው። ከ35 ዲግሪ ባነሰ ጊዜ አደጋው ይጀምራል፤ የሚያስፈራውም አእምሮ ስለሚደነዝዝ በሽተኛው መታመሙን አለማወቁ ነው። በሐሩር ጊዜ ደግሞ ገላ የሚቀዘቅዘው በላብና ደምን ወደ ቈዳ በማድረስ ስለሆነ ልብ እጅግ ይደክማል። አረጋውያን ጥም ቶሎ አይሰማቸውም፤ ሕፃናትም መናገር አይችሉም። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ኢንሱሊኑን በቀዝቃዛ ቦታ ማኖር ይገባዋል፤ መብራት በሌለበት ቤት ግን መድኃኒቱ በሙቀት ይበላሻል። እንግዲህ 40 ዲግሪ ሙቀት ለጐልማሳ ድካም ቢሆን፥ ለአሮጊቷ ሞት ሊሆን ይችላል።

ሌላም አደጋ አለ፤ ይኸውም ለኛ ሰው በጣም የቀረበ ነው። መብራት የጠፋበት ሰው ከሰል አቀጣጥሎ ወደ ክፍሉ ያገባል፤ መስኮቱንም ብርድ እንዳይገባ ይደፍናል። የከሰሉ ጢስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ሽታ የለውም፤ የተኛውንም ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። በ2021 በፌብሩዋሪ ወር በቴክሳስ ክፍለ ሀገር ጽኑ ብርድ ወርዶ መብራት በጠፋ ጊዜ፥ በከሰል ወይም በመኪና ሞተር ሊሞቁ የፈለጉ ሰዎች በዚህ መርዝ ሞተዋል፤ ከነሱም መካከል የሀገራችን ተወላጆች ነበሩ። ያን ጊዜ መብራቱ የጠፋው በዕዳ ሳይሆን በማዕበሉ ምክንያት ነበር፤ ሆኖም በዕዳ ምክንያት የጨለመ ቤትም የሚደርስበት አደጋ ያው ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ። በፈረንሳይ አገር በ1954 ክረምት ብርዱ እጅግ ጸንቶ ነበር። በፌብሩዋሪ 1 ቀን አቤ ፒየር የተባሉት ቄስ በራዲዮ ሲናገሩ፥ አንዲት ሴት ከቤት የተባረረችበትን ወረቀት እንደ ጨበጠች በፓሪስ መንገድ ላይ በብርድ መሞቷን ለሕዝቡ አስታወቁ። ሕዝቡም ብርድ ልብስና ገንዘብ ይዞ ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1956 በክረምት ወራት ተከራይን ከቤት ማስወጣት በሕግ ተከለከለ። በ2013 የወጣው ሕግም ይህንኑ ጥበቃ ወደ መብራትና ወደ ጋዝ አደረሰው፤ ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ድረስ ስለ ዕዳ ተብሎ የመኖሪያ ቤት መስመር አይቈረጥም። የኃይሉን መጠን መቀነስ ግን የመንግሥት እርዳታ በማያገኙት ቤቶች ላይ አልተከለከለም። ውሃ ደግሞ በዓመቱ በማናቸውም ቀን እንዳይቈረጥ ተወሰነ፤ የሕገ መንግሥቱም ምክር ቤት በ2015 ይህን ክልከላ አጸናው። በእንግሊዝም በ1999 ከወጣው ሕግ ወዲህ ስለ ዕዳ የመኖሪያ ቤት ውሃ መቍረጥ ክልክል ነው።

በአሜሪካ ግን ለአገሩ በሙሉ የሚሆን አንድ ሕግ ስለሌለ እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር የየራሱን ደንብ አውጥቷል። ደንቦቹም በሁለት መንገድ ይከፈላሉ። የመጀመሪያው በቀን መቍጠሪያ የሚሄደው ነው፤ ለምሳሌ በዊስኮንሲን ከኖቬምበር 1 እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ የቤት ማሞቂያ መስመር አይቈረጥም። ሁለተኛው በሙቀት መለኪያ የሚሄደው ነው፤ በዋሽንግተን ከተማ ብርዱ 0 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች፥ ሙቀቱም 35 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል ተብሎ ሲተነበይ መብራት መቍረጥ ክልክል ነው። ቨርጂኒያም በ2024 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታ የሙቀቱን ወሰን ወደ 33 ዲግሪ ገደማ አድርጋለች። በቀን መቍጠሪያ የሚሄደው ደንብ ለማንም ግልጽ ነው፤ ብርዱ ያለ ወራቱ ቢመጣ ግን አይደርስም። በሙቀት መለኪያ የሚሄደው አደጋውን ይከተላል፤ ነገር ግን አየሩ በተሻለ ማግስት መስመሩ ሊቈረጥ ይችላል። ደግሞም ከብርድ የሚጠብቁት ክፍላተ ሀገር ከሐሩር ከሚጠብቁት ይበዛሉ፤ የሐሩርን ገዳይነት ሰው ዘግይቶ ተረድቶታልና።

ኩባንያዎች በበኩላቸው የሚናገሩት ነገር አለ፤ እርሱንም መስማት የተገባ ነው። መቈረጥ ከቀረ የሚችለውም ሰው አይከፍልም፤ ዕዳውም ተከማችቶ ባለዕዳውን ራሱን ይጐዳዋል፤ ያልተከፈለውንም በመጨረሻ የሚሸከመው ሌላው ደንበኛ ነው ይላሉ። ይህ ከእውነት የራቀ አይደለም። ነገር ግን ደንቦቹ ዕዳውን አልሰረዙም፤ ቀኑን ብቻ አራዘሙ። ወራቱ ሲያልፍ ኩባንያው ገንዘቡን በየወሩ እየከፋፈለ ሊቀበል፥ ባለዕዳውንም በፍርድ ቤት ሊከስ ይችላል። የሞተ ሰው ግን ዕዳ አይከፍልም።

ደግሞም በፍርድ ቤት ባለዕዳ ሲከሰስ ይጠራል፤ ይቆማል፤ ይናገራል። ታምሜ ነበር፥ ሥራ አጥቼ ነበር ብሎ ቀን ይለምናል፤ ዳኛውም መዝኖ ይወስናል። መስመር የሚቈረጥበት ሰው ግን ዳኛም ችሎትም አያገኝም። ቀድሞ ቈራጩ ሠራተኛ እስከ ደጁ ይመጣ ነበርና አልጋ ላይ የወደቀ ሽማግሌ ቢያይ ተመልሶ ለአለቃው ይነግር ይሆናል። በዛሬው ቈጣሪ ግን ብዙ ጊዜ መስመሩ የሚዘጋው ከሩቅ ነው፤ የሚዘጋውም ሰው የባለቤቱን ፊት አያይም። ዓይን ያላየውን ደንብ እንዲያይለት ያስፈልጋል።

እንግዲህ በባሕር ማዶ ላላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፥ በዚያም ዘመድ ላላችሁ ሁሉ ጥቂት ምክር እንጨምራለን። ከኩባንያው የመጣን ደብዳቤ ቋንቋው አልገባኝም ብላችሁ በመሳቢያ አትዝጉበት፤ በዚያው ቀን አስነብቡት። የመቍረጫው ቀን ሳይደርስ ለኩባንያው ደውላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ዕዳውም በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲከፈል ተስማሙ። ያነጋገራችሁን ሰው ስምና ቀኑን ጻፉ፤ በክርክር ጊዜ የተጻፈ ነገር ምስክር ነው። በቤት ውስጥ ጽኑ ሕመምተኛ ካለ የሐኪም ወረቀት አቅርቡ፤ በብዙ ክፍላተ ሀገር ይህ ወረቀት መቍረጡን ለጊዜው ያስቆማል። በአሜሪካ ከ1981 ጀምሮ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቤተ ሰቦች የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ሂሳብ የሚረዳ የመንግሥት ገንዘብ ተመድቧል፤ ይህንም መለመን ሳይሆን መጠየቅ ይገባል። ጥበቃው ባለበት ወራትም ቢሆን ከአቅማችሁ የሚገኘውን ጥቂት ጥቂት ክፈሉ፤ አለዚያ በጸደይ የሚመጣው ሂሳብ ተራራ ይሆናል። ከሰል ግን በማናቸውም ምክንያት በቤት ውስጥ አታንድዱ።

የሚከለክለን ብዙ ጊዜ ሕጉ ሳይሆን ይሉኝታ ነው። ልጆቹን ያስተማረ አባት፥ ስንቱን የረዳች እናት፥ መብራቴ ሊቈረጥ ነው ብሎ መናገርን እንደ ውርደት ይቈጥረዋል። አባቶቻችን ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለዋል። ስለዚህ ልጆች ሆይ፥ ለእናታችሁ ስትደውሉ ጤንነቷን ብቻ ጠይቃችሁ አትዝጉ፤ ቤቱ ይሞቃል ወይ፥ ሂሳቡስ ተከፍሏል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እናንተም ጎረቤቶች፥ ማታ መብራት የማይታይበትን መስኮት ስታዩ ተኝተው ይሆናል ብላችሁ አትለፉ፤ ደጁን አንኳኩ።

ያ የጥንት አበዳሪ ልብሱን ይዞ ወደ ድኻው ደጅ ማታ ማታ ሲመላለስ ሳይደክመው አልቀረም። ቢሆንም በመጣ ቍጥር ባለዕዳው በሕይወት መኖሩን በዓይኑ ያያል። ገንዘቡን የሚያገኘውም ከሕያው ሰው እጅ ነው።