አገር ያጣችው ፈላስፋ ስለ ፍቅር ምን አለች?

ሰሞኑን በማታው ክፍል ስለ ፈላስፎች ስናወራ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ እነዚህ ሰዎች ስለ ፍቅር የሚጽፉት ሆዳቸው ስለሞላ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔን ግን ጥያቄዋ አልለቀቀኝም፤ እስቲ በአንዲት ሴት ሕይወት ልመልሰው።

ሃና አረንት በ1906 በጀርመን አገር ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አባቷ የሞተው በ1913 ገና ልጅ ሳለች ነው። በ1924 ማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ መምህሯን ማርቲን ሃይደገርን ወደደች። እሱ ግን ባለትዳር፣ በ17 ዓመት የሚበልጣት ሰው ነበርና ፍቅራቸው በድብቅ ቀረ። ከዚያ ሃይደልበርግ ሄዳ የዶክትሬት ጽሑፏን ሠራች። ርዕሱ ምን ይመስላችኋል? አውግስጢኖስ ስለ ፍቅር ያስተማረው ትምህርት! ልቡን ከዚህ ዓለም አንስቶ ለእግዚአብሔር የሰጠ ሰው ባልንጀራውን እንዴት ይወዳል? ብላ ጠየቀች። ጽሑፉ በ1929 ታተመ።

በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ያዙ። ሃይደገር የፓርቲው አባል ሆነ። እሷ ግን 8 ቀን ታስራ ስትፈታ ከእናቷ ጋር ያለ ወረቀት ድንበር ተሻግራ ፓሪስ ገባች። በ1940 ደግሞ ፈረንሳዮች «የጠላት አገር ሰው» ብለው ጉርስ የሚባል ካምፕ አስገቧት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በግርግሩ መሐል ወጥታ በ1941 ኒው ዮርክ ደረሰች። የአሜሪካ ዜግነት ያገኘችው በ1951 ነው፤ ከተሰደደች ከ18 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያየች ሴት ስለ ፍቅር ምን አለች? አንደኛ፣ የሁለት ሰዎች ፍቅር የግል ነገር ነው፣ አደባባይ ሲወጣ ይሞታል አለች። በ1963 ጌርሾም ሾለም የተባለው ምሁር «ለሕዝብሽ ፍቅር የለሽም» ብሎ ሲወቅሳት፣ በሕይወቴ የትኛውንም ሕዝብ በጅምላ ወድጄ አላውቅም፣ የምወደው ወዳጆቼን ነው ብላ መለሰችለት። በሕዝብ ፍቅር ስም ጎረቤት ሲባረር ያየ ሰው እንዲህ ቢል አይገርምም።

ሁለተኛ፣ በ1955 ለቀድሞ አማካሪዋ ለካርል ያስፐርስ ስትጽፍ፣ ልትጽፈው ያሰበችውን መጽሐፍ «ፍቅረ ዓለም» ልትለው እንደምትፈልግ ነገረችው። እኛ ዘንድ ፍቅረ ዓለም ሲባል ተድላ መውደድ ነው። እሷ ዓለም የምትለው ግን ሰዎች አብረው የሠሩትን፣ ለመጪው ትውልድም የሚተዉትን የጋራ ቤት ነው። በ1958 ስለ ትምህርት ስትጽፍም ይህንኑ አነሳች፦ ማስተማር ማለት ይህን ዓለም ኃላፊነቱን እስከ መሸከም ድረስ እንወደዋለን ወይ ለሚለው መልስ መስጠት ነው፤ ልጆቹንም ከዓለማችን አውጥተን አንጥላቸው ትላለች።

ልብ በሉ፣ ይህን ስደት ብቻውን አላስተማራትም። ከእሷ ጋር ጉርስ ከነበሩት ሴቶች አንዷ ዓለምን ጠልታ ብትወጣ ማን ይፈርድባታል? የሃና ጥያቄም ከስደቱ በፊት የነበረ ነው። ኑሮ ጥያቄውን አከበደባት፤ መልሱን አስባ ያገኘችው ግን ራሷ ናት።

እኔም ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋርጬ የወጣሁ ሰው ነኝ። አንዳንድ ጠዋት ጠመኔ ይዤ ስገባ «እነዚህን ልጆች ለየትኛው ዓለም ነው የማዘጋጃቸው?» እላለሁ። መልሱን ዛሬም አላገኘሁም። ሆኖም እገባለሁ። ለተማሪዬም የምላት ይህን ነው፦ ሆድ ስለሞላ አይደለም፣ እህቴ። አንቺስ ምን ትያለሽ?