ወሰን የማያውቅ አበባ

በግቢው አበባ ማሳደግ የሚወድ ሰው የአበባን ጠባይ አስቀድሞ ሊመረምር ይገባዋል። አደይ አበባ በክረምት በቅሎ፤ በመስከረም አብቦ፤ ዘሩን ጥሎ ያልፋል። ሌላው ወገን ግን ሥሩ ሳይሞት እየከረመ፤ በየዓመቱ ጎኑን እያሰፋ የጎረቤቱን መደብ ይወስዳል። የወሰን ክርክር ስንጽፍ የምንውል የፍርድ ቤት ጸሐፊዎች ይህን ጠባይ በአበባ ላይ ብናየው አይደንቀንም።

ከዚህ ወገን የሆነው አሸንዳ በስሜንና በጮቄ ተራራ ቀይና ቢጫ ችቦ መስሎ የሚቆም የአገራችን አበባ ነው። በደጋ የሚኖር ሰው ክረምት ሲገባ ሥሩን ከፍሎ፤ በመካከሉ አንድ ክንድ ያህል ትቶ ቢተክለው ብዙ ድካም አይጠይቀውም። ባሕር ዳር ግን ከፍታዋ 1800 ሜትር ያህል ስለ ሆነ የአሸንዳ አገር አይደለችም። ለአጥር የሚተከለው የወፍ ቆሎም አበባው ያማረ ነው፤ ነገር ግን ወፎች ፍሬውን እየበሉ ዘሩን በግጦሽ ላይ ይበትኑታል፤ ቅጠሉም ለከብት መርዝ ነው።

በጣና ላይ የደረሰው ግን ከዚህ ሁሉ ይከፋል። እምቦጭ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፤ ሐምራዊ አበባው ስላማረ ለኩሬ ጌጥ ተብሎ በሰው እጅ በዓለም ተዳረሰ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 በቆቃና በአዋሽ ታየ፤ በጣና መኖሩ የታወቀው በ2011 ነው። እናቲቱ ተክል በውኃ ላይ ቅርንጫፍ ዘርግታ ልጅ ታወጣለች፤ ልጂቱም ሌላ ትወልዳለች፤ ከተመቻትም በሁለት ሳምንት እጥፍ ትሆናለች። ዘሩ በጭቃ ውስጥ ሀያ ዓመት ያህል ሳይሞት ስለሚቆይ አንድ ጊዜ መንቀል አይበቃም። በደንቢያና በፎገራ በኩል ስንት ገበሬ እርሻውን ትቶ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለው! የደንገል ታንኳም መንገድ ታጣለች፤ የዓሣ አጥማጁም መረብ በአረም ይሞላል።

ስለዚህ እመቤቶች ሆይ፤ እምቦጭን ለውበቱ ብላችሁ ከቶ ወደ ግቢያችሁ አታስገቡ፤ ልጆችም ከሐይቁ ቀጥፈው ቢያመጡት በደረቅ መሬት ላይ አድርቃችሁ አቃጥሉት። ሥሩ የሚስፋፋውን ሌላ አበባ በሸክላ ማሰሮ ወይም በድንጋይ በታጠረ መደብ ትከሉ፤ ዘር ሳይቋጥር ራሱን ቁረጡ፤ የተቆረጠውንም ወደ ሐይቁ በሚወርድ ቦይ አትጣሉ።