ሞተር እንዴት ፍሬን ይሆናል?

ከጨንቻ ወደ ቆላው የሚወርደውን መንገድ የላንቴ ገበሬ ያውቀዋል። ቁልቁለቱ ከ1000 ሜትር በላይ ነው። ጭነት የያዘ መኪና ፍሬኑን ብቻ እየረገጠ ከወረደ የፍሬኑ ሸራ ከመፋተግ ብዛት ይግላል፤ ሲግል መያዙን ይተዋል። ስለዚህ ብልህ ሾፌር በከባድ ማርሽ ይወርዳል፤ ሞተሩ ራሱ ይይዝለታል።

በኤሌክትሪክ የሚሄደውስ? በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ይህን የሚጠይቀን ሰው በዝቷል።

ባለ ዲናሞ ብስክሌት የነዳ ሰው መልሱን እግሩ ያውቀዋል። ዲናሞው ጎማውን ሲነካ መብራቱ ይበራል፤ ፔዳሉ ግን ይከብዳል። መብራት በነፃ አይገኝማ! መኪናውም እንዲሁ ነው። ሾፌሩ የፍጥነት ፔዳሉን ሲለቅ መቆጣጠሪያው ለሞተሩ ኃይል መስጠቱን ያቆማል። አሁን ጎማው ሞተሩን ያዞራል፤ ሞተሩ ዲናሞ ሆነ ማለት ነው። ያመነጨው ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው ይመለሳል፤ ጎማውም ይከብደውና ቀስ ይላል። ከልጆች መጫወቻ መኪና የወጣ ሞተር ብታገኙ ሁለቱን ሽቦ አገናኝታችሁ በጣት አዙሩት፤ ይኸው መክበድ ይሰማችኋል።

ታዲያ ጨንቻ ላይ ባትሪውን እስከ አፉ ሞልቶ የተነሳ ሾፌር ቁልቁለቱ ላይ ይቸገራል። የሞላ እንስራ ውሃ አይቀበልም፤ ሥራው ለሸራው ይተርፋል። ትንሽ አጉድሎ መነሳት ይሻላል። መኪናው ሊቆም ሲቃረብም የሞተሩ መያዝ ስለሚደክም፣ መጨረሻ ላይ የሚያቆመው ያው ሸራው ነው።