ሽማግሌው የማን ወገን ነው?

ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ ወደ ደንበጫ በሚዘልቀው አስፋልት ላይ የምትገኘው አማኑኤል የማቻከል ወረዳ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለ ገበሬ በድንበር ሲጣላ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ብዙ ጊዜ ሽማግሌ ይቀመጥበታል። የሽማግሌ አመራረጡ ራሱ ግማሽ ክርክር ነው። አንዱ ወገን ሰው ሲጠራ ሌላው «እሱማ በሚስቱ ይዛመደዋል» ብሎ ይመልሰዋል። የተመለሰው ሰው ብዙም አይቀየምም፤ ወጉ ነውና። የድንበሩን ድንጋይ ከማንም በላይ የሚያውቀው አዋሳኙ ገበሬ ነው። እሱ ግን ይጠየቃል፣ ይመሰክራል እንጂ ከሽማግሌዎቹ ጋር አይቀመጥም። ድንበሩ ዛሬ አንድ ክንድ ቢገፋ ነገ ወደ እሱ ማሳ ሊመጣ እንደሚችል ሁሉም ያውቃል።

ይህ የቀዬ ወግ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶችን ከሚያስጨንቅ ጥያቄ ጋር ይገጥማል። መንግሥት ባንክ፣ ቴሌኮም ወይም መድኃኒት የሚመለከት ደንብ ሲያወጣ ነገሩን በደንብ የሚያውቀው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በግል ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ነው። ለመንግሥት ደመወዝ ሥራውን ትቶ አይመጣም፤ ለስድስት ወር «አማካሪ» ተብሎ ግን ሊመጣ ይችላል። ከዚያ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። በእነዚያ ስድስት ወራት የጻፈው ደንብ የሚገዛው የራሱን ቀጣሪ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ምስክር ነው ወይስ ዳኛ?

ጥያቄው ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ሲደርስ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። መጀመሪያ ጫማ ሥራ ተብሎ ተፈትኖ ነበር ይባላል። በኋላ አዲስ አበባ ግቢ ድረስ ውኃ በቧንቧ አስገባ፤ ለዘመኑ ሰው ትንግርት ነበር። ሥራው በእጅ ጥበብ ብቻ አልቀረም። የውጫሌ ውል ጠብ ሲነሳም ሆነ ከዓድዋ ድል በኋላ የፈረንሳይና የእንግሊዝ መልእክተኞች አዲስ አበባ ሲጎርፉ፣ የአውሮፓን ቋንቋና ተንኮል የሚያውቅ ሰው ያስፈልግ ነበርና ኢልግ ከንጉሠ ነገሥቱ አጠገብ አይጠፋም።

ችግሩ ያለው በቀኖቹ ቅደም ተከተል ላይ ነው። በ1886 ዓ.ም. ምኒልክ የባቡር ሐዲድ የሚዘረጋ ኩባንያ እንዲያቋቁም ለኢልግ ፈቃድ ሰጡት፤ መስመሩ ለ99 ዓመት በኩባንያው እጅ የሚቆይበት ፈቃድ ነበር። ፈረንሳዊው ነጋዴ ሊዮን ሸፍኔ የሥራ ሸሪኩ ሆነ። በ1889 ዓ.ም. ደግሞ ኢልግ የመንግሥት አማካሪነት ማዕረግ ተቀበለ። እንግዲህ አንድ ሰው የሐዲዱ ባለፈቃድም የንጉሡ አማካሪም ሆነ ማለት ነው። ምኒልክ «ይህ የባቡር ውል ይበጀናል ወይ?» ብለው ሲጠይቁ የሚመልሰው የትኛው ኢልግ እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ለኢልግ ፍትሐዊ መሆን ይገባል። የዘመኑ ታሪክ ሲነበብ አገሪቱን በታማኝነት ያገለገለ ሰው ሆኖ ይገኛል፤ ሌባ አልነበረም። ነገር ግን ኩባንያው የራሱን መንገድ ሄደ። ገንዘብ ሲያጥረው የፈረንሳይ መንግሥት በ1902 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ምኒልክን ሳያማክር ውል ገብቶ ደገፈው፤ ሐዲዱም ቀስ በቀስ የፈረንሳይ መንግሥት ጉዳይ ሆነ። ምኒልክ ተቆጡ። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው ሐዲድ እዚያው ለዓመታት ቆመ፤ ኩባንያውም ከሰረ። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ሲሰጥ ተቀባዩ ማን እንደነበረ መገመት የሚችል አንባቢ ጥቂት ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም ዶክተር ቪታሊየን። እሱም ፈቃዱን ለአዲሱ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ አስተላለፈው፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። አንዱ መሐንዲስ፣ አንዱ ሐኪም። ሁለቱም ለንጉሡ ጆሮ ቅርብ ነበሩ፤ ፈቃዱም የተገኘው በዚያው ቅርበት ነው።

በዘመኑ ይህን የሚከለክል ደንብ አልነበረም፤ በአውሮፓም ቢሆን ብዙ አልነበረም። ዛሬስ?

የዘመናችን ሕግ ጊዜያዊ አማካሪውን በአንድ በር ያስወጣውና በሌላ በር ይይዘዋል። በ1999 ዓ.ም. ወጥቶ በ2010 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ የተተካው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 ጊዜያዊ ሠራተኛ ማለት ምን እንደሆነ ሲተረጉም፣ በራሱ ሙያ ለተወሰነ ዋጋ ውል ይዞ ለመሥሪያ ቤቱ የሚሠራውን ሰው ከትርጉሙ ውጪ አድርጎት ነበር። በልዩ ችሎታው ምክንያት በትርፍ ጊዜው የሚሠራውንም እንደዚያው። ትርጉሙ ምክንያት ነበረው፤ ቧንቧ የሚጠግን ባለሙያ የጡረታና የዓመት ፈቃድ ጥያቄ እንዳያነሳ ነው። ይሁን እንጂ አብሮት የሚወጣ ነገር ነበር። የመንግሥት ሠራተኛው የሚታሰርባቸው የሥነ ምግባርና የዲሲፕሊን ድንጋጌዎች ባለውሉን አይከተሉትም ነበር። እሱን የሚያስረው ውሉ ነበር፤ ውሉ ላይ ያልተጻፈ ነገር ደግሞ የለም።

የወንጀል ሕጉ ግን እንዲህ አይለሳለስም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 402 የመንግሥት ሠራተኛን ሲተረጉም፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ፣ ተሹሞ፣ ተመድቦ ወይም ተመርጦ በቋሚነትም ሆነ በጊዜያዊነት የሚሠራ ሰው ብሎታል። ስለዚህ ለሦስት ወር የተመደበ ሰው ጉቦ ቢበላ «እኔ እኮ ጊዜያዊ ነኝ» የሚል መከላከያ ብዙም አያራምደውም።

በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ሜዳ ነው የሚያሳስበው። ማንም ጉቦ አልበላም፣ ማንም አልሰረቀም፤ ሰውየው ግን የጻፈው ደንብ ለራሱ ድርጅት የሚያመች ሆኖ ተገኘ። ወንጀለኛ ሊባል አይችልም። ሕዝቡ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ስለ ቋሚው ሹም ነው። ጊዜያዊው ሰው ግን ሳይበላም ሊጠቀም ይችላል። ምን እየመጣ እንደሆነ ከሌላው ነጋዴ ቀድሞ ይሰማል፣ የሚያውቀውን ያህል ያዘነብላል፣ ሲወጣም የቢሮውን ሰው ሁሉ በስም እየጠራ ይወጣል።

ለዚህ ሜዳ የሚሆን መሣሪያ የሀብት ማሳወቂያ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 668 ተሿሚው፣ ተመራጩና አዋጁ የሚመለከተው የመንግሥት ሠራተኛ የራሱንና የቤተሰቡን ሀብት እንዲያስመዘግብ ያስገድዳል። የጥቅም ግጭት የሚለውንም ቃል ወደ ሕጋችን በሰፊው ያስገባው ይኸው አዋጅ ነው። መዝጋቢው የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ነው። በውል የሚመጣው አማካሪ ግን በመጀመሪያ «አንተ ከእነዚህ ከሦስቱ የትኛው ነህ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት፤ መልሱም ሁልጊዜ ቀላል አይደለም።

ሌላው አገር እንዴት አደረገው? አሜሪካውያን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የፋብሪካ ባለቤቶችን በዓመት በ1 ዶላር ደመወዝ ወደ ዋሽንግተን ጠሩ። በሁለተኛውም ጦርነት ደገሙት። ሴናተር ሃሪ ትሩማን የሚመሩት ኮሚቴ በ1942 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ እነዚህ ሰዎች ከኩባንያቸው ሙሉ ደመወዝ እየተቀበሉ መንግሥት ከማን ምን እንደሚገዛ መወሰናቸውን አምርሮ ነቀፈ። በዚያው አቆጣጠር በ1962 ኮንግረሱ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የተለየ ስም ሰጠው፤ «ልዩ የመንግሥት ሠራተኛ»። በ365 ቀን ውስጥ ከ130 ቀን በላይ እንዲሠራ ታስቦ አይመደብም። ገንዘብ ባይከፈለውም የራሱ ጥቅም ባለበት ጉዳይ እጁን ቢያስገባ በወንጀል ይጠየቃል። የሀብት መግለጫ ይሞላል፤ ያ መግለጫ ግን ብዙ ጊዜ ለሕዝብ አይገለጥም። በ2025 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኤሎን መስክ በዚሁ ስም ዋይት ሐውስ ሲገቡና በግንቦት ሲወጡ የተነሳው ጭቅጭቅ በከፊል በዚህች የመጨረሻ ነጥብ ላይ ነበር፤ ድርጅታቸው ስፔስኤክስ ከመንግሥት ትልልቅ ውሎች ያሉት ነውና።

ወደ ቤታችን ስንመለስ በቅርቡ የታየ አንድ ጉዳይ አለ፤ እሱም ከኢልግ ሐዲድ ጋር የሚገናኘው በድሬዳዋ በኩል ነው። ኢትዮጵያ ሁለተኛ የቴሌኮም ኦፕሬተር ልታስገባ ስትነሳ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በጨረታው ላይ የሚያማክረው የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን ነበር። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃዱን አገኘ። አገልግሎቱን በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ለሙከራ የጀመረው በድሬዳዋ ነው። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ያው ኮርፖሬሽን በሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ላይ 157 ሚሊዮን ዶላር ያህል በድርሻ፣ 100 ሚሊዮን ዶላር በብድር እንደሚያፈስ አስታወቀ። ጨረታውን ያማከረው ከሁለት ዓመት በኋላ የአሸናፊው ባለድርሻ ሆነ።

እዚህ ላይ ቸኩሎ መፍረድ አይገባም። ኮርፖሬሽኑ ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት ተቋም ነው፤ ለግል ዘርፍ ማበደርና ድርሻ መግዛት የተቋቋመለት ሥራው ነው፤ በአማካሪነቱና በባለሀብትነቱ መካከል የሚነሳውን ግጭት የሚመረምርበት የራሱ አሠራርም አለው። ገንዘቡም ለአገሪቱ የመጣ ገንዘብ ነው። ግን የአማኑኤል ሽማግሌ ቢሆን መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ መቼና በማን ተጠየቀ? አሠራሩ የአማካሪው ከሆነ የሚጠይቀውም የሚመልሰውም አንድ ቤት ነው። የዓለም ባንክ የግዥ ደንብ ራሱ ፕሮጀክት ያጠና አማካሪ ድርጅት ከዚያ ጥናት የሚወጣውን ዕቃ ማቅረብም ሆነ ግንባታውን መሥራት እንዳይችል ይከለክላል። የወረዳ የውኃ ጉድጓድ የሚያጠና መሐንዲስ በዚህ ደንብ ይታገዳል። የቴሌኮም ፈቃድ ከጉድጓድ ይበልጣል።

በሌላ መንገድ የሄደም ምሳሌ አለ። በ2010 ዓ.ም. በጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሥር 13 አባላት ያሉት የሕግና የፍትሕ ጉዳዮች አማካሪ ጉባኤ ተቋቋመ። አባላቱ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና የሕግ ባለሙያዎች ሲሆኑ ለሦስት ዓመት በበጎ ፈቃድ ሠሩ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011፣ የፀረ ሽብር አዋጅ 1176/2012፣ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238/2013 በእነዚህ ሰዎችና በየዘርፉ ባዋቀሯቸው የሥራ ቡድኖች እጅ አልፈዋል። ጠበቃ ስለ ፍርድ ቤት ሕግ ሲመክር ጥቅም የለውም ማለት አይቻልም፤ ነገ የሚቆምበት ችሎት ነው። ነገር ግን ረቂቆቹ በየመድረኩ ለክርክር ቀረቡ፣ ማን እንደጻፋቸው ይታወቅ ነበር፣ የመወሰኑ ሥልጣን ከጉባኤው ወጥቶ ምክር ቤት ገባ። መሰከሩ እንጂ አልፈረዱም ለማለት ያስደፍራል። ከእጃቸው ከወጡት ሕጎች አንዱ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ነው። ተቋማት መመሪያ ሲያወጡ ረቂቁን ለሕዝብ አስታውቀው አስተያየት እንዲቀበሉ ያስገድዳል። ለጊዜያዊ አማካሪ ከዚህ የተሻለ ልጓም ማግኘት ያስቸግራል፤ በጓዳ ያዘነበለ ብዕር አደባባይ ሲወጣ ተፎካካሪው ቀድሞ ያየዋል።

ሥራን ለሕዝብ አሳይቶ ማጽደቅ አማኑኤል ባለችበት በምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ከአዲስ አበባ ቀድሞ ተሞክሯል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የ1989ኙ የመሬት ድልድል ትዝታ ገና ትኩስ ነበር። በደርግ ዘመን የቀበሌ ሥልጣን የነበራቸው ገበሬዎች «ቢሮክራት» ተብለው ከ1 ሄክታር በላይ እንዳይዙ የተደረጉበት፣ ብዙዎች አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ የሄዱበት ድልድል ነው። ኮሚቴ ላይ ማን ተቀመጠ የሚለው ጥያቄ ጎተራን እንደሚነካ ጎጃሜ ያወቀው በወሬ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የክልሉ የመሬት ምዝገባ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ ሲሞከር፣ ከሙከራ ቀበሌዎቹ አንዱ የተመረጠው ከማቻከል ጋር በሚዋሰነው በጎዛምን ወረዳ ነበር። ዘመናዊ መሣሪያና በውል የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። ድንበሩን ግን በማሳው ላይ ቆመው ያሳዩት ባለይዞታውና አዋሳኞቹ ናቸው፤ ነገሩን የያዘው ነዋሪው ራሱ የመረጠው የቀበሌ ኮሚቴ ነው። የተመዘገበውም ወደ መዝገብ ጸንቶ ከመግባቱ በፊት ሕዝብ እንዲያየው ይደረግና «ይህ ስህተት ነው» የሚል ካለ ይናገር ነበር።